ከአፈርሳታ እስከ ጁሪ

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን የ12ኛ ክፍል ተማሪዎችን በመወከል የተደረገ ንግግር)



በዚህ የደስታ ቀን ስለ ፍርድ እንናገር ብለን መነሣታችን ምናልባት ያስገርማችሁ ይሆናል። ነገር ግን ከዚህ ግቢ ከመውጣታችን በፊት ልንከፍለው የሚገባ አንድ ዕዳ ስላለብን፥ ጥቂት ደቂቃ በትዕግሥት እንድታዳምጡን በትሕትና እንለምናለን።

የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎች ሳለን ለጉብኝት ያዋጣነው ገንዘብ ጠፋ። ገንዘብ ያዣችን ደነገጠ፤ እኛም ተቆጣን። በዚያኑ ቀን ከትምህርት በኋላ የክፍሉን በር ዘግተን፥ ሌባው ሳይታወቅ ማንም አይወጣም ብለን ተማማልን። አንድ ሰዓት አለፈ፤ ሁለተኛውም ተጀመረ። ከጀሞና ከሃና ማርያም የሚመጡት ልጆች መሸብን እያሉ ማጉረምረም ያዙ። በመጨረሻም አንድ ስም በሹክሹክታ ተነገረ፤ ከጆሮ ወደ ጆሮ ዞሮ ሲመለስ እርግጠኛ ነገር ሆኖ ተገኘ። ስሙ የተጠራው ልጅ ከሁላችን ይልቅ ችግረኛ የሆነው ነበረ። ማን አየው? መቼ አየው? ብሎ የጠየቀ ከመካከላችን አንድም አልነበረም፤ ሁላችንም ወደ ቤታችን ለመሄድ እንፈልግ ነበርና። ሰፈራችን ንፋስ ስልክ የሚለውን ስም ያገኘው ያለ ሽቦ መልእክት ያስተላልፍ ከነበረው የራዲዮ ጣቢያ ነው ይባላል፤ በዚያ ምሽት የኛም ወሬ ያለ ሽቦ ሲበር አደረ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ገንዘቡ ገንዘብ ያዡ ራሱ ባስቀመጠበትና በረሳው የደብተር ልባስ ውስጥ ተገኘ። ልጁ ግን በዓመቱ መጨረሻ ትምህርት ቤት ለውጦ ሄደ። ይቅርታ የጠየቀው ሰው አልነበረም።

ያን ቀን ያደረግነው ነገር በአገራችን የቆየ ስም እንዳለው የተረዳነው በኋላ ነው። በሸዋ አፈርሳታ፥ በሌላም ስፍራ አውጫጭኝ ይባላል። ወንጀል ተሠርቶ አድራጊው ሳይታወቅ ሲቀር የአካባቢው ሕዝብ በአንድ ሜዳ ይሰበሰባል፤ የቀረ ይቀጣል። እውነቱን እንዲናገር ይምላል፤ ወንጀለኛው እስኪገለጥም ወደ ሥራው አይመለስም። የሚያውቀውን በግልጥ ለመናገር የፈራ ሰው በምስጢር ይናገርና ስሙ ተሰውሮ «ወፍ ነገረኝ» ይባልለታል። ወንጀለኛው ያልተገኘ እንደ ሆነ የጠፋውን ንብረት ሕዝቡ በኅብረት ይከፍላል። አባቶቻችን ይህን ያደረጉት ያለ ምክንያት አልነበረም፤ ፖሊስና መርማሪ ባልነበረበት ዘመን የጎረቤትን ደኅንነት የሚጠብቅ ጎረቤት ብቻ ነበረ። ሆኖም ሰው እህሉ በማሳ ላይ እየረገፈበት፥ ከብቱም ያለ ጠባቂ እየዋለበት ሲታገድ፥ እውነቱን ከመፈለግ ይልቅ ቶሎ የሚያስለቅቀውን ስም ቢፈልግ አይፈረድበትም። እኛንም ያሳተን ይኸው ነው።

በውጭ አገር ጁሪ የሚባል የፍርድ ሥርዓት እንዳለ ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ። ይኸውም ዳኛ ያልሆኑ፥ ከሕዝብ መካከል በዕጣ የተጠሩ፥ ብዙውን ጊዜም 12 የሆኑ ሰዎች ማስረጃውን ሰምተው ተከሳሹ ጥፋተኛ ነው ወይም አይደለም የሚሉበት ሥርዓት ነው፤ ቅጣቱን አብዛኛውን ጊዜ የሚወስነው ዳኛው ነው። የሚያስደንቀው ግን ይህ ሥርዓት ሲጀመር ከኛ አፈርሳታ ብዙ አለመራቁ ነው። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1166 ዓ.ም. የእንግሊዝ ንጉሥ ዳግማዊ ሄንሪ በክላረንደን ባወጣው ድንጋጌ፥ ከየወረዳው 12 ሰዎች እየማሉ በአካባቢያቸው በወንጀል የሚጠረጠረውን ሰው ስም እንዲናገሩ አዘዘ። እነዚህ ሰዎች ጠቋሚዎች እንጂ ፈራጆች አልነበሩም። በ1215 ዓ.ም. የሮማ ቤተ ክርስቲያን ጉባኤ ካህናት በእሳትና በውኃ በሚደረግ የፍርድ ፈተና እንዳይካፈሉ ስለ ከለከለ፥ እንግሊዞች ፍርዱን ወደ ጎረቤቶች መለሱት። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዘመናት ቀስ በቀስ ጠቋሚው ከፈራጁ ተለየ፤ አስቀድሞ የሚያውቅ ሰው መስካሪ፥ የማያውቅ ሰው ደግሞ አዳማጭ ሆነ።

የቀረው ፍርሃት ነበረ። በ1670 ዓ.ም. ዊልያም ፔንና ዊልያም ሚድ የተባሉ ሁለት ሰዎች በለንደን መንገድ ላይ ስለ ሰበኩ ሕገ ወጥ ስብሰባ አድርጋችኋል ተብለው ተከሰሱ። ጁሪዎቹ ዳኞቹ የፈለጉትን ፍርድ አንሰጥም ስላሉ ያለ ምግብና ያለ ውኃ፥ ያለ እሳትም ተዘግቶባቸው አደሩ። ነጻ ናቸው ብለው በጸኑም ጊዜ መቀጫ ተጣለባቸው። ከነርሱ አንዱ ኤድዋርድ ቡሸል ግን አልከፍልም ብሎ ታሰረ፤ ጉዳዩም ወደ ሌላ ፍርድ ቤት ሄዶ፥ ጁሪ ስለ ሰጠው ፍርድ ሊቀጣ አይገባም ተብሎ ተወሰነ። እኛ በራችንን የዘጋነው ስም ለማስወጣት ነበር፤ በነቡሸል ላይም በር የተዘጋባቸው ለዚሁ ነበር፤ ልዩነቱ እነርሱ አለመናገራቸው ነው።

ይህን ስንል ጁሪ እንከን የለውም ማለታችን አይደለም። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1955 ዓ.ም. በአሜሪካ በሚሲሲፒ የ14 ዓመቱን ጥቁር ልጅ ኤሜት ቲልን በመግደል የተከሰሱትን ሁለት ነጮች፥ ሁሉም ነጮች የሆኑ 12 ጁሪዎች በአንድ ሰዓት ገደማ ምክክር ነጻ ለቀዋቸዋል። ጎረቤት ጥላቻውን ይዞ ከተቀመጠ ብዛቱ አያጸድቀውም። አገራችንም በ1954 ዓ.ም. ባወጣችው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ጁሪን አልተቀበለችም፤ ፍርዱን ምክንያቱን በጽሑፍ ለሚያሰፍሩ ዳኞች ሰጠች። ዘመድና ወገን በሚከበርበት አገር ይህ ጥበብ የጎደለው ምርጫ ነው ለማለት አንደፍርም።

ስለዚህ ጁሪ ነገውኑ ይምጣልን አንልም። የምንለው ከጁሪ የሚገኘው ትምህርት ፍርድ ቤት ለሌለውም ሰው ይጠቅማል ነው። በጥንቱ የነገሥታት ችሎት አስተያየት ሲሰጥ ታናሹ አስቀድሞ፥ ታላቁ በመጨረሻ ይናገር ነበር፤ ታናሹ የታላቁን ፊት አይቶ እንዳይፈርድ ነው። በመጽሐፈ ሶስናም ጉባኤው ሁሉ ሽማግሌዎቹን አምኖ ሳለ፥ ዳንኤል ሁለቱን ለያይቶ በየትኛው ዛፍ ሥር አያችኋት? ብሎ ስለ ጠየቀ ንጹሕ ደም ከመፍሰስ ዳነ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው በግልጽ ችሎት እንዲሰማ፥ እስኪፈረድበትም እንደ ጥፋተኛ እንዳይቆጠር ደንግጓል።

እኛም አሥራ አንደኛ ክፍል ስንደርስ በክፍላችን ደንብ አወጣን። ስም በሹክሹክታ አይወሰድም፤ ከሳሽ በተከሳሹ ፊት ቆሞ ይናገራል። ከሁለቱ ጋር የማይቀመጡ 12 ተማሪዎች በዕጣ ወጥተው ያዳምጣሉ፤ አላወቅንም ማለትም ነውር አይደለም። ባለፈው ዓመት አንድ ሒሳብ ማሽን ስለ ጠፋ ሁለት የምሳ ዕረፍት ሙሉ ሰማን፤ በመጨረሻም አልተረጋገጠም ብለን ተነሣን። ከሳሹ አኮረፈ፤ ማሽኑም እስከ ዛሬ አልተገኘም። ሆኖም ከመካከላችን ተሰድዶ የሄደ የለም።

የተከበራችሁ ወላጆች፥ በእድርና በሽምግልና ስትቀመጡ፥ እናንተም ታናናሾቻችን በየክፍላችሁ ዕቃ ሲጠፋባችሁ፥ በሩ ክፍት ይሁን፤ የተከሰሰውም ይሰማ። ያ ጓደኛችን ዛሬ በመካከላችን የለም። ይህ መጽሐፍ ምናልባት ከእጁ ቢደርስ፥ የዚያን ምሽት ዝም ያልነው ሁላችን፥ በመምህራኖቻችንና በወላጆቻችን ፊት ቆመን ይቅርታ እንጠይቀዋለን።

እግዚአብሔር ትምህርት ቤታችንን ይባርክ።