ስለ ሴት ልጆቻችንና ስለ ሥራ ቃለ መጠይቅ

(የማኅበራችን ጸሐፊ በወርኃዊው ስብሰባ ላይ ያደረጉት ንግግር)



የዛሬው ንግግሬ ስለ መዋጮ አይደለም፣ አትስጉ። ትምህርታቸውን ጨርሰው ቤት ስለተቀመጡ ሴት ልጆቻችን ነው። ነገሩ የእያንዳንዳችንን ቤት የሚነካ ስለሆነ በጥሞና እንድትከታተሉኝ እለምናለሁ።

ፑኝዶ ላይ የሥራ ማስታወቂያ ሲለጠፍ፣ የወረዳ መሥሪያ ቤትም ይሁን ከስደተኞች ጋር የሚሠራ ድርጅት፣ ሴቱም ወንዱም ያመለክታል። ከሠፈራችን ሴት ልጆች መካከል የጽሑፉን ፈተና በደህና ውጤት አልፈው በቃል መጠይቁ የተመለሱ አሉ። ለምን? ትምህርቱን ስለማያውቁት ነው? እንዳይባል፣ በጽሑፍ መልሰውታል። እንግዲህ ምክንያቱን ሌላ ቦታ መፈለግ አለብን።

እስቲ አስተዳደጋችንን እናስታውስ። ሴት ልጅ ታላቅ ሰው ፊት ዓይኗን ዝቅ ታደርጋለች። ድምፅዋን ከፍ አታደርግም። ካልተጠየቀች አትናገርም። ስለ ራሷ ማውራትማ ጭራሽ ነውር ነው። እንዲህ ስትሆን «የጨዋ ልጅ» ብለን እናመሰግናታለን። ይህ መልካም አስተዳደግ ነው፣ ማንም እንዲጥለው አልመክርም።

ነገር ግን ይህችው ልጅ አንድ ቀን ሦስት አራት ሰዎች ጠረጴዛ ከበው በተቀመጡበት ክፍል ትገባለች። «ስለ ራስሽ ንገሪን፣ ከሌሎቹ አንቺን ለምን እንቅጠር?» ይሏታል። እሷም መሬት መሬት እያየች «እሱን እናንተ ታውቃላችሁ» ትላለች። ከእሷ በኋላ የሚገባው ወንድ ልጅ ግማሹን ባይችለውም «ሁሉንም እችላለሁ» ይላል። ፈታኞቹ ለእሱ «በራሱ ይተማመናል» ብለው ይጽፋሉ፣ ለእሷ «አትተማመንም»። ቤት ውስጥ የተመሰገነችበት ነገር ቢሮ ውስጥ ነጥብ አስቀነሳት ማለት ነው። እንደ ወንዱ ጮክ ብላ ብትናገር ደግሞ «ዓይን አውጣ ናት» የሚል አይጠፋም። ታዲያ ልጅቱ በየት በኩል ትሂድ?

በእኛ አገር ደግሞ ሌላ ችግር ይጨመራል። አብዛኞቹ ልጆቻችን ቤት ውስጥ የሚናገሩት በአኙዋክኛ ነው። የክልላችን የሥራ ቋንቋ ግን አማርኛ ነው። ልጅቱ መልሱን አስባ፣ ቃሉን ፈልጋ፣ «አንተ» ልበል «እርስዎ» ልበል ብላ እስክትወስን ጊዜው ያልፋል። ፈታኙ አላወቀችም ይላል። እሷ ግን ታውቃለች።

አባቶች «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቃል» ሲሉ ኖረዋል። እነዚያው አባቶች «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» ብለውም ተርተዋል። ከሁለቱ ለልጆቻችን የሚበጃቸው የኋለኛው ነው።

ለወጣት ሴቶች የምለው ይህ ነው። ጉራ ማለት ያልሠሩትን ሠራሁ ማለት ነው። የሠሩትን በትክክል መናገር ግን ምስክርነት ነው። ሽማግሌዎች ፊት ቀርቦ ያየውን የመሰከረ ሰው ጉረኛ ተብሎ ያውቃል? «በትምህርት ቤት የክበባችን ገንዘብ ያዥ ነበርኩ፣ ሂሳቡንም ሳላጎድል አስረክቤያለሁ» ብትይ ነውሩ ምን ላይ ነው? ይህን በለሰለሰ ድምፅ መናገር ይቻላል፣ ብቻ ይሰማ። ዓይንሽን አንድ ጊዜ ቀና አድርገሽ ጠያቂውን እይው፣ ንቀት አይሆንብሽም።

ይህ አዲስ ነገር እንዳይመስላችሁ። በ1995 ዓ.ም. የጤና ኤክስቴንሽን ሥራ በአገራችን ሲጀመር 10ኛ ክፍል የጨረሱ ወጣት ሴቶች ለአንድ ዓመት እየሠለጠኑ በየቀበሌው ሁለት ሁለት ሆነው እንዲመደቡ ነበር የታቀደው። እነዚህ ልጆች ከቤት ቤት እየዞሩ ስለ መጸዳጃ ቤት፣ ስለ ወሊድ፣ ስለ ክትባት በአባወራ ፊት ተናገሩ። ጨዋነታቸው ቀረ? ኧረ አልቀረም። የብዙ እናትና ሕፃን ሕይወት ነው የተረፈው። በነሐሴ 2016 ዓ.ም. ደግሞ የክልላችን ምክር ቤት ወይዘሮ አለሚቱ ኡሞድን ርዕሰ መስተዳድር አድርጎ ሾሟል። ሴት ልጅ በጋምቤላ እስከዚያ ድረስ መድረስ ከቻለች፣ ለአንድ የመዝገብ ቤት ሥራ መናገር እንዴት ያቅታታል?

ሕጉም ከእኛ ጋር ነው። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 35 ሴቶች በቅጥር፣ በዕድገትና በደመወዝ እኩል መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። በድርጅት ለሚቀጠሩ የሚያገለግለው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሴትና ወንድ እኩል ውጤት ካመጡ ቅድሚያ ለሴቷ እንዲሰጥ ያዛል። ለወሊድም ከነደመወዟ 30 ቀን ከመውለዷ በፊት፣ 90 ቀን ከወለደች በኋላ ዕረፍት ይሰጣል። ስለዚህ «ባል አለሽ ወይ? ልትወልጂ ታስቢያለሽ ወይ?» እያለ የሚጠይቅ ፈታኝ ስለ ሥራው እየጠየቀ አይደለም። ከእኛ መሐል በፈታኝነት የሚቀመጡ አሉ። እነሱን የማሳስበው፣ ለወንዱ የማታቀርቡትን ጥያቄ ለሴቷ አታቅርቡ፣ ዝም ስትልም ጥያቄውን አንድ ጊዜ ድገሙላት ብዬ ነው።

ሌላው ከበድ ያለ ነገር ነው። ቃለ መጠይቅ በቀን፣ በመሥሪያ ቤት፣ ከአንድ በላይ ሰው ባለበት የሚደረግ ነው። «ሥራውን እኔ አስይዝሻለሁ፣ ማታ ብቻሽን ነይ» የሚል ሰው ቀጣሪ ሳይሆን አጥማጅ ነው። ልጆቻችን ይህን እያፈሩ ይደብቃሉ። ወላጆች፣ ልጃችሁ እንዲህ ያለ ነገር ከነገረቻችሁ «አንቺ ምን አድርገሽ ነው?» ብላችሁ አትጀምሩ። አድምጧት፣ ከዚያ አቤቱታውን አብረን ለሚመለከተው እናቅርብ። ማፈር ያለበት ጠያቂው ነው።

በመጨረሻም የማኅበሩ ሥራ አስፈጻሚ የወሰነውን ልንገራችሁ።

1ኛ/ ዘወትር ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በማኅበሩ ቤት የቃለ መጠይቅ ልምምድ ይደረጋል። ሥራ ያላቸው እህቶች ጠያቂ ይሆናሉ፣ ፈላጊዎቹ በአማርኛ ይመልሳሉ።

2ኛ/ እያንዳንዷ ልጅ የሠራችውን ሦስት ነገር በወረቀት ጽፋ ትምጣ። ውሃ መቅዳትና ታናናሾችን ማሳደግ ሥራ አይደለም እንዳትል። ጊዜ አክባሪነትንና ኃላፊነትን ያስረዳል።

3ኛ/ ወላጆች የቅዳሜን ከሰዓት ለልጆቻችሁ ልቀቁላቸው። ለሁለት ሰዓት ማጀቱን ወንድም ልጅ ቢይዘው ቤት አይፈርስም።

ልጃችን ደመወዝ ይዛ ስትገባ የምትበላው ብቻዋን አይደለም። ታናሽ ወንድሟም ደብተር ያገኛል፣ እናቷም መድኃኒት ትገዛለች። ቅዳሜ በሰዓቱ እንገናኝ።



የማኅበሩ ጸሐፊ