ተራራን ማየትና አማናችን

ቢስሚላሂ ረህማኒ ረሒም



ለዑምራ ከሚጓዙ ወገኖቻችን ብዙዎቹ አንድ ቀን ወስደው ወደ ጣኢፍ ተራሮች ይወጣሉ። እኛም ከጀመዓችን ጋር በዚሁ መንገድ ሄደናል። መካ ቆላ ናት፤ ጣኢፍ ግን ከባሕር ወለል ከ1,800 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ትገኛለች። መኪናው የአል-ሀዳን ጠመዝማዛ ዳገት ሲወጣ አየሩ ይቀዘቅዛል፤ ወደ ላይ ሲዘልቁም ድንጋዩ ጥድ ለብሶ ይታያል። ጥዱ በአገራችን ደጋ የምናውቀው ያው የሐበሻ ጥድ ነው።

አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱል ጋሺያህ ተራሮች እንዴት እንደተተከሉ እንድናስተውል ያሳስበናል። እንግዲያው ኒያችንን ካሳመርን ተራራ ማየትም ዒባዳ ይሆንልናል። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ከጣኢፍ በድንጋይ ተደብድበው ሲወጡ እንኳ የበደሏቸው ሰዎች እንዲጠፉ አልፈለጉም፤ ከአብራካቸው አላህን የሚገዛ ትውልድ እንዲወጣ ተመኙ እንጂ። በዚያ ምድር የሚጓዝ ሰው ከርኅራኄያቸው ሊማር ይገባዋል።

በአል-ሀዳ መንገድ ዳር ዝንጀሮዎች ተኮልኩለው መኪና ይጠብቃሉ። በአዋሽ አካባቢ ካሉት ጋር ዘራቸው አንድ ነው። መንገደኛው ሙዝና ዳቦ ይወረውርላቸዋል። አንዳንዱም «ሰደቃ ነው» ይላል፤ ለተጠማ ውሻ ውሃ አጠጥቶ ምሕረት ያገኘውን ሰው ያስታውሳል። ሐዲሱ ሶሒሕ ነው። ነገር ግን ያ ውሻ በጥም ሊሞት የደረሰ ነበር። ለእነዚህ ግን አላህ ሪዝቃቸውን በተራራው ላይ አድርጎላቸዋል፤ ፍሬው፣ ቅጠሉ፣ ሥሩ ሁሉ የእነርሱ ነው። የሰው እጅ የለመደ ዝንጀሮ ይህን ፍለጋ ይተዋል። አስፋልት ላይ ወርዶ በመኪና ይገጫል፤ ከሰው እጅ ይነጥቃል፤ የነዋሪውን ቤትና ማሳ ይወራል። በመጨረሻም ጥፋተኛ ተብሎ የሚሳደደው እርሱው ነው። የአገሪቱ የዱር እንስሳት ጥበቃ መሥሪያ ቤት ዝንጀሮ መመገብን የከለከለውም ስለዚህ ነው።

ከአል-ሀዳ ለዑምራ ወደ መካ የሚመለስ ሰው እዚያው ዋዲ ማሕረም ላይ ኢሕራም ያደርጋል። ኢሕራም ላይ ላለ ሰው ደግሞ የየብስ አውሬ ማደን ሐራም ነው። አራዊትን አለመንካት የዒባዳችን ክፍል ከሆነ፣ በሚቃቱ ደጃፍ ፌስታልና ልጣጭ በትነን መሄድ እንዴት ያምርብናል?

ስለዚህ ወንድሞችና እኅቶች፣ በውጭ አገርም ሆነ በአገር ቤት ስንጓዝ ተራራውን አይተን ሱብሓነላህ እንበል፤ ምግባችንን ለተራበ ሰው እንስጥ፤ ቆሻሻችንን ይዘን እንመለስ። ልጆቻችንም ይህን ከእኛ አይተው ይልመዱ። አላህ አማናውን ከሚጠብቁት ያድርገን። አሚን።

ወሰላሙ ዓለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱህ።