የሞተው ዓሣና የብድር ኮሚቴያችን
(በጠቅላላ ጉባኤው ላይ ከብድር ኮሚቴው የቀረበ ንግግር)



እኛ የብድር ኮሚቴ አባላት እዚህ ስንቆም የምንናገረው ስለ ቁጠባና ስለ ተመላሽ ብድር ነው። ዛሬ ግን ስለ አንድ የሞተ ዓሣ እንነግራችኋለን። አትሳቁ፤ ከገንዘባችን ጋር ይገናኛል።

ክሬግ ቤኔት የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ አንድ የሞተ የሳልመን ዓሣ በኤምአርአይ ማሽን ውስጥ አስገባ። ለሰው እንደሚደረገው ፎቶግራፍ እያሳዩ፣ በፎቶው ላይ ያሉት ሰዎች ምን እንደሚሰማቸው ጠየቁት። በእንዲህ ያለ ምርመራ ማሽኑ የሚከታተለው በደም ውስጥ ያለውን የኦክስጅን ለውጥ ነው፤ ምስሉንም በትንንሽ ኩቦች ይከፋፍለዋል። የዓሣው 8,064 ኩብ ሆነ። እያንዳንዱ ለብቻው ሲፈተን 16ቱ «እዚህ ሥራ አለ» አሉ። ከእነዚህም በዓሣው አንጎል ውስጥ የነበሩ አሉ!

መስፈርቱ «በአጋጣሚ ከሺህ አንዴ ብቻ የሚታይ» የሚል ነበር። ለአንድ ኩብ ጥብቅ ነው። ለ8,064 ኩብ ግን ምንም ነገር ባይኖር እንኳ ስምንት ያህሉ በአጋጣሚ ያልፋሉ። በእኛ በሒሳብ ሠራተኞች ቋንቋ፣ ስምንት ሺህ ደረሰኝ አገላብጠን በዚህ መስፈርት ጥፋተኛ ብንፈልግ ስምንት ንጹሐን ሴቶችን እንከሳለን ማለት ነው። ተመራማሪዎቹ የፈተናውን ብዛት ያገናዘበ ማስተካከያ ሲያደርጉ 16ቱም ጠፉ። ሥራቸው በ2012 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ አስቆ ቀጥሎ ለሚያሳስብ ምርምር የሚሰጠውን የኢግ ኖቤል ሽልማት አገኘ።

ቀዩን ቀለም ማሽኑ ፎቶ አላነሳውም። ቁጥሩ ከተወሰነ ወለል ሲያልፍ ኮምፒውተር የሚቀባው ነው፤ ወለሉን ዝቅ ብታደርጉት ቀዩ ይበዛል።

ይህንን ቀደም ብለን ብናውቅ ኖሮ! አንዲት እህታችን ልጇ ንባብ ስላስቸገረው «የአንጎሉን ምስል አንሥተን ተሰጥኦውን እንነግርሻለን» የሚል ባለቀለም ወረቀት ይዛ መጣች። ለሌላ ብድር ሦስት ጊዜ ደረሰኝ የምንጠይቅ ሰዎች፣ ያንን ወረቀት አይተን ዝም አልን፤ ፈረምንም። ውጤት ተብሎ የተሰጣት ቀይና ቢጫ ሥዕል ነው። ስንት ቦታ እንደተፈተነ፣ ከስንት ልጆች ጋር እንደተነጻጸረ አንድ ቁጥር አልተጻፈበትም።

እንዳትሳሳቱብን። ሐኪም ዕጢ ወይም የደም መፍሰስ ጠርጥሮ የሚያዘው ኤምአርአይ ሌላ ነው፤ ያንን የራዲዮሎጂ ሐኪም አንብቦ በጽሑፍ ያስረዳል። ለእርሱ ዛሬም በዚያው ቀን ብድር እንሰጣለን።

እህታችን ይህ እንዲነገር ፈቅዳለች። ፊርማው የእኛም ስለሆነ ወለዱን ሰርዘንላታል። ከዋናው ብድር የሁለት ወር ክፍያ ይቀራታል።