በረመዷን ምሽቶች ትኩስ መጠጥ በየቲም ቤት
(በአሰላ ለለጋሾችና ለየቲም ቤተሰቦች የተደረገ ንግግር)

ምስጋና ሁሉ ለአላህ ይገባው። ሶላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።



ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ የተከበራችሁ የየቲም እናቶችና አሳዳጊዎች!

ዛሬ ልንነጋገርበት የመረጥነው ጉዳይ ሲሰሙት ትንሽ የሚመስል ነው። ይኸውም ጾመኛ በኢፍጣርና በሱሑር ጊዜ የሚጠጣው ትኩስ ነገር ነው። ይሁን እንጂ ጉዳዩን ከየቲም ቤት ደጃፍ ቆመን ስንመለከተው ትንሽ ሆኖ አናገኘውም።

እንደሚታወቀው በሸሪዓችን የቲም የሚባለው ለአቅመ አዳም ወይም ለአቅመ ሔዋን ሳይደርስ አባቱ የሞተበት ልጅ ነው። ስለዚህ የብዙ የቲሞች ቤት እናት ብቻዋን እሳት የምታነድበት ቤት ነው። አገራችን ደግሞ ብርድ አገር ናት። በጭላሎ ተራራ ግርጌ የምትገኘው አሰላ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,400 ሜትር ከፍ ያለች ስትሆን፣ ቦቆጂና አካባቢዋ ከዚያም ይበልጥ ከፍ ይላሉ። ረመዷን በየዓመቱ 10 ወይም 11 ቀን ያህል እየቀደመ ስለሚመጣ፣ በስሌት ሲታይ በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ2020 በጥር፣ በ2022 ደግሞ በታኅሣሥ ማብቂያ ላይ ይገባል ተብሎ ይጠበቃል። እነዚህ በደጋው የውርጭ ወራት ናቸው። በሱሑር ሰዓት ለሚነሳ ሰው አንድ ስኒ ትኩስ ነገር ቅንጦት አይደለም።

ከዚህ አኳያ ሁለት ነገሮችን እናስታውስ። አንደኛው በሱረቱል ኢንሳን ውስጥ ያለው ነው። አላህ (ሱ.ወ.) በምዕራፉ 8ኛ አንቀጽ ምግብን እየወደዱት ለድሃ፣ ለየቲምና ለምርኮኛ የሚያበሉትን ሰዎች ያወሳል። በ17ኛው አንቀጽ ደግሞ ለእነዚሁ ሰዎች በጀነት ዝንጅብል የተቀላቀለበት መጠጥ እንደሚቀርብላቸው ይነግረናል። የቲምን ያበላ ሰው ምንዳው በመጠጥ መገለጹን ልብ እንበል።

ሁለተኛው ቡኻሪና ሙስሊም የዘገቡት የእናታችን የዓኢሻ (ረ.ዐ.) ሐዲስ ነው። ከቤተሰቧ ሰው ሞቶ የተሰበሰቡት ሴቶች ሲበተኑና የቅርብ ቤተሰብ ብቻ ሲቀር፣ ተልቢና የተባለውን ቀጭን የገብስ ሾርባ ታስቀቅል ነበር። ይህ ሾርባ የታመመን ልብ እንደሚያሳርፍና ከሐዘንም ጥቂቱን እንደሚያስወግድ ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መስማቷንም ተናግራለች። ለቀስተኛው ከተበተነ በኋላ የሚቀረው ቤት፣ እኛ ዛሬ የየቲም ቤት የምንለው ነው። ገብሱ ደግሞ የአርሲ ደጋ ዋና አዝመራ ነው። ከሩቅ የሚመጣ ነገር መፈለግ አያስፈልገንም።

እንግዲህ ወደ አዘገጃጀቱ እንግባ። የገብስ አጥሚት ለኢፍጣር ሲሠራ፣ ለአንድ ሊትር ውኃ ሞላ ያለ አራት የሾርባ ማንኪያ የገብስ ዱቄት ይበቃል። ዱቄቱ እንዳይጓጉል አስቀድሞ በጥቂት ቀዝቃዛ ውኃ ይበጠበጣል፤ ከዚያም በሚፈላው ውኃ ላይ እየተማሰለ ይጨመራል። በእኛ ከፍታ ውኃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ስለሆነ እህል ለመብሰል ከቆላው ይልቅ ጊዜ ይወስዳል። ስለዚህ እሳቱ ቀዝቀዝ ብሎ 25 ደቂቃ ያህል መንተክተክ አለበት። ጨው ቆንጠር ተደርጎ፣ ሲወርድ ወተት ወይም ማር ካለ ይጨመርበታል፤ ከሌለም ያለ እነርሱ ይጠጣል። የተወቀጠ ዝንጅብል አብሮ ቢፈላ ጣዕሙን ያሳምረዋል።

ጾም የሚፈታው ግን በትኩስ ነገር አይደለም። ሱናው እሸት ተምር፣ እርሱ ካልተገኘ ደረቅ ተምር፣ እርሱም ካልተገኘ ውኃ ነው። አጥሚቱ ቀጥሎ ይመጣል። ሲያቃጥል በትንፋሽ አይነፋበት፤ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በመጠጥ ላይ መንፋትን ከልክለዋልና። ከስኒ ወደ ስኒ እያገላበጡ ማብረድ ይቻላል። ሕፃናት ባሉበት ቤትም ድስቱ ከእጃቸው ይራቅ።

ለሱሑር የሚያስቸግረው እሳቱ ነው። በሌሊት ተነስታ እርጥብ እንጨት የምታነድ እናት እንቅልፏንም ዓይኗንም ትጎዳለች። ለዚህ መፍትሔው ከአገራችን ጓዳ አይርቅም። በሶ ተቆልቶ የተፈጨ ገብስ ስለሆነ እንደገና መብሰል አያስፈልገውም። ከተራዊሕ በኋላ የፈላ ውኃ በፔርሙስ ተሞልቶ ቢቀመጥ፣ በሱሑር ሰዓት በሶውን በዚያ ትኩስ ውኃ በጥብጦ መጠጣት ይቻላል። በፔርሙሱ ውስጥ ውኃ ብቻ ይቀመጥ፤ ወተት ያለበት ነገር ሌሊቱን ሲቆይ ሊበላሽ ይችላል።

ስለ ሻይና ቡናም ጥቂት እንበል። የሻይ ቅጠል ከምግብ ጋር ሲጠጣ ሰውነት ከእህልና ከጥራጥሬ የሚያገኘውን የብረት ማዕድን ያሳንሳል። ስለዚህ ከምግብ በኋላ አንድ ሰዓት ያህል ማቆየት ይመረጣል፤ ለልጆች ደግሞ የዝንጅብል ውኃ ይሻላል። ቡና የለመደ ሰው ከሻዕባን ጀምሮ ስኒውን ቢቀንስ በመጀመሪያዎቹ የጾም ቀናት ራስ ምታት ይቀልለታል። የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ስለ ጾሙም፣ ስለ ማሩም፣ ስለ አብሹም አስቀድሞ ሐኪሙን ያማክር።

ውድ ለጋሾች! የቲሞችን ጠርቶ በጋራ ማስፈጠር መልካም ሥራ ነው፤ አላህ ይቀበል። ነገር ግን አንድ ምሽት ከእኛ ጋር ያፈጠረ ልጅ የቀሩትን ምሽቶች የሚያፈጥረው በእናቱ ቤት ነው። ስለዚህ የምንሰጠው ነገር ወሩን ሙሉ በዚያ ቤት እሳት ላይ የሚጣድ ይሁን። ስኳር ብቻ ከምንልክ የገብስ ዱቄት፣ በሶ፣ ዝንጅብል፣ ጥቂት ተምር፣ የሚነድ ደረቅ እንጨት ወይም ከሰል፣ ከተቻለም አንድ ፔርሙስ እንላክ። ፔርሙሱ ለሚመጣውም ረመዷን ያገለግላል። ስጦታው የሚደርሰውም ጾሙ ከተጋመሰ በኋላ ሳይሆን በሻዕባን ይሁን፤ እናት ወሩን በእጇ ባለው ነገር አስባ ትቀበለው።

ከዚህ ሁሉ በላይ አንድ ነገር እንዳይዘነጋ። ጾመኛን ያስፈጠረ ሰው የጾመኛውን ያህል አጅር እንደሚያገኝ፣ ከጾመኛውም አጅር ምንም እንደማይጎድል ቲርሚዚ በዘገቡት ሐዲስ ተነግሯል። ይህ በር ለሀብታም ብቻ አልተከፈተም። በየቲም ቤት አጥሚት የሞላ ድስት ሲኖር፣ እናት ልጇን «ይህን ስኒ ለጎረቤታችን ለአሮጊቷ አድርስ» ብላ ትልከዋለች። ያ ልጅ በዚያች ምሽት ተቀባይ ብቻ ሳይሆን ሰጪም ይሆናል። ለየቲም ከምናወርሰው ነገር ሁሉ ይህ ክብር ይበልጣል።

አላህ ጾማችንንና ሶደቃችንን ይቀበለን። የየቲሞችን ቤት በበረካ ይሙላው። የቲምን የሚንከባከቡትንም በጀነት የነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ጎረቤቶች ያድርጋቸው። አሚን።