ከአርባ ዓመት የፎቶግራፍ ሥራ ያተረፍኩት
(በሰፈራችን ነዋሪዎች ማኅበር ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ሊቀመንበሩ «ከሥራህ ገጠመኝ ጥቂት አጫውተን» ብለው ሲጠይቁኝ መጀመሪያ እምቢ ብዬ ነበር። የእኔ ሥራ ሰውን «ዝም በል፣ አትነቃነቅ» ማለት እንጂ ራሴ ቆሜ መናገር አይደለም። በኋላ ግን ሳስበው፣ እዚህ ከተቀመጣችሁት መካከል በካሜራዬ ፊት ያልቆመ ጥቂት ነው። እናንተን ስንት ዓመት ሳያችሁ ኖርኩ፤ ዛሬ ደግሞ እናንተ እዩኝ ብዬ መጣሁ። ገጠመኙን አጫውቼ ስጨርስ አንድ ጉዳይ እለምናችኋለሁ።

ሥራውን የጀመርኩት በ1974 ዓ.ም. ሲቀላ ውስጥ በአንዲት ጠባብ ፎቶ ቤት በተላላኪነት ነው። ውሃ እቀዳለሁ፣ ጨለማ ክፍሉን እጠርጋለሁ፣ የታጠበውን ፎቶግራፍ በገመድ ላይ አሰጣለሁ። አርባ ምንጭ ያኔ ገና ወጣት ከተማ ነበረች። የጋሞ ጎፋ መቀመጫ ከጨንቻ ደጋ ወደዚህ ከወረደ ገና ብዙ ዓመት አልሆነውም። ደንበኞቻችን አብዛኛውን ጊዜ ለመታወቂያ የሚሆን ጉርድ ፎቶግራፍ ፈላጊዎች ነበሩ። ከገጠር የመጣ ሰው ካሜራው ፊት ሲቀመጥ ትንፋሹን ውጦ ይቀራል፤ «ተንፍስ እንጂ» ካላልከው የሚወድቅ ይመስላል።

የመጀመሪያው ጠላታችን ሙቀት ነበር። ፊልም የሚታጠብበት መድኃኒት በደንብ የሚሠራው ወደ 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሆን ነው። የእኛ ከተማ ግን 1,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ቆላ ናት። በየካቲትና በመጋቢት ከቧንቧ የሚወርደው ውሃ ለሻይ የተጣደ ይመስላል። ውሃው ሲሞቅ በፊልሙ ላይ ያለው ስስ ሽፋን ይለሰልስና እንደ ደረቀ ጭቃ ይሰነጣጠቃል። በዚህ ምክንያት ስንቱ ሰው ያለ ዕድሜው ተጨማደደ! አንዲት እናት ፎቶግራፋቸውን ተቀብለው ለረጅም ጊዜ ካዩ በኋላ «ልጄ፣ እኔ እንዲህ አርጅቻለሁ እንዴ?» አሉኝ። «አይ እማማ፣ ያረጀው ውሃው ነው» ብዬ አመለጥኩ።

መፍትሔው የመጣው ከፋብሪካ አይደለም። ማታ እንስራ በውሃ እንሞላና እርጥብ ጨርቅ አልብሰን ደጅ እናሳድረዋለን። ከዚያ ንጋት ላይ፣ ፀሐይ ሳትወጣ ፊልሙን እናጥባለን። እንስራ ውሃ እንደሚያቀዘቅዝ እናቶቻችን ድሮም ያውቁታል፤ ከመድኃኒቱ ጋር የመጣው ወረቀት ግን ይህን አልጻፈውም።

ሁለተኛውን ትምህርት ያገኘሁት ዶርዜ ነው። ለመስቀል፣ ጋሞ ማስቀላ ለሚለው በዓል፣ አዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ ሲሸምኑ የከረሙ ወንድሞቻችን ወደ አገራቸው ይመለሳሉ። እኔም ካሜራዬን አንግቤ የጨንቻን ዳገት እወጣለሁ። ሰዉ ሁሉ አዲስ ነጭ ሸማ ለብሶ በቀርከሃው ቤት ፊት ይቆማል። የካሜራው ብርሃን መለኪያ ደግሞ ብዙ ነጭ ሲያይ ይታለላል። «ብርሃኑ በዝቷል» ይልና ያሳንሰዋል። በዚህ ጊዜ ሸማው ጥለቱ ሳይቀር አምሮ ይወጣል፤ የሰውየው ፊት ግን ጨለማ ውስጥ ይገባል። በመጀመሪያው ዓመት አንድ ሸማኔ እንዲህ ያለውን ፎቶግራፍ ሳስረክበው ገልበጥ አድርጎ አየና «ልብሱን የሸመንኩት እኔ ነኝ፤ አውቀዋለሁ። ለእናቴ ትቼላት ልሄድ የፈለግሁት ፊቴን ነው» አለኝ። ገንዘቡን መለስኩለት። ከዚያ ወዲህ ወደ ሰው ፊት ቀርቤ ካልለካሁ አላነሳም። ፎቶግራፍ አንሺ የሚከፈለው ለፊት መሆኑን ያስተማረኝ ያ ሰው ነው።

የዝንጀሮውን ነገር ሳላነሳ ባልፍ ልጆቼ ይስቁብኛል። ከተማችን ስሟን ያገኘችው ከአርባዎቹ ምንጮች እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ ምንጮቹ ያሉበት ደን የዝንጀሮ ሰፈር መሆኑንም እንዲሁ። አንድ ቀን የትምህርት ቤት ጓደኛሞችን ለማንሳት ወደዚያ ወረድኩ። ቦርሳዬን ድንጋይ ላይ አስቀምጬ «ተጠጋጉ» እያልኩ ሳለ አንድ ትልቅ ዝንጀሮ ቦርሳውን ይዞት ወጣ። ዛፍ ላይ ተቀምጦ መጀመሪያ ዳቦዬን በላ፤ ቀጥሎ ጠዋት ያነሳሁትን ፊልም አወጣና እንደ አንጀት ጎትቶ ጎትቶ ለፀሐይ ዘረጋው። ፊልም ብርሃን ካየ አለቀለት። ልጆቹ በሳቅ ሞቱ፤ እኔ ደግሞ የሃያ አራት ሰው ጉርድ ፎቶግራፍ እንደገና ለማንሳት በየቤቱ ስዞር ሰነበትኩ። አንዱ አባት ነገሩን ሲሰሙ «ታዲያ ዝንጀሮው ከእኛ መልክ አማርጦ ይሆን?» አሉኝ።

የጫሞ ሐይቅም የድርሻውን ወስዷል። እንግዶች አዞ ገበያ ለማየት በጀልባ ሲሄዱ አብሬ ሄጄ ነበር። አዞዎቹ በዳርቻው ተኝተው ሲታዩ ሁሉም በአንድ ጊዜ ብድግ ብሎ ወደ አንድ ወገን ሄደ። ጀልባዋ ዘመም ስትል እኔ የጀልባዋን ጠርዝ ያዝኩ፤ የካሜራዬን መነጽር የሚይዝለት ግን አልነበረም። ጀልባ ነጂው «ግባና አውጣው እንዴ?» ብሎ ቀለደብኝ። እስከ ዛሬ እዚያው ነው። አዞዎቹ አጥርተው እያዩበት ይሆናል።

እስከዚህ ድረስ ያወራሁት ቢበዛ ገንዘብ ያሳጣ ነገር ነው። ከዚህ በኋላ ያለውን ግን ስናገር አሁንም ያፍረኛል።

በ1980ዎቹ መጀመሪያ ላይ የአንድ ጎረቤት ሰርግ አነሳሁ። ያን ጊዜ አንድ ፊልም 36 ፎቶግራፍ ያነሳል። እኔ ሳነሳ ቆጣሪው 36 ደረሰ፤ 38 አለ፤ 40 አለ። «ተመስገን፣ ፊልሙ በረከት አለው» ብዬ ቀጠልኩ። ማታ ጨለማ ክፍል ገብቼ ስከፍተው የፊልሙ ጫፍ ከመጠምጠሚያው ጥርስ ላይ አልተያዘም ነበር። ካሜራው ቀኑን ሙሉ «ቀጭ፣ ቀጭ» ሲል የዋለው በባዶ ነው። ጠዋት ቸኩዬ ነበር የጎረስኩት፤ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ማለት ይህ ነው። የእኔ የፈሰሰው ግን የሚለቀምም አልነበረም።

ሦስት ቀን ተደበቅሁ። በአራተኛው ቀን ለሙሽራይቱ አባት ሄጄ እውነቱን ነገርኳቸው። ዝም ብለው ቆዩና «ልብሱ አልተመለሰም፤ መጥተህ አንሳ» አሉኝ። ሙሽሮቹ በሳምንቱ እንደገና ለበሱ፤ ሚዜዎቹም መጡ። ሁሉም እንደ ሰርጉ ቀን ቆሙ። እናትየው ልጃቸውን ሲሸኙ ያለቀሱትን ግን ማን ይድገመው? ልብሱ ያው ልብስ ነው፤ እንባው አልመጣም። ያን አልበም አሁንም እነርሱ ቤት ሳየው፣ የጎደለውን የማውቀው እኔና እናትየው ብቻ ነን። ከዚያ ቀን ጀምሮ ፊልም ባጎረስኩ ቁጥር የመመለሻው እጀታ አብሮ መዞሩን ሳላይ አንድም ፎቶግራፍ አንስቼ አላውቅም። ተማሪዎቼንም መጀመሪያ የማስተምራቸው ይህንኑ ነበር።

አሁን ዘመኑ ተለውጧል። ፊልም የሚያጎርስ የለም፤ ለፋይዳ መታወቂያም ፎቶግራፉን እዚያው መዝጋቢው ያነሳዋል። ካሜራም በየሰዉ ኪስ ገብቷል። ይህን የተረዳሁት በመስከረም 2011 ዓ.ም. ነው። በቡራዩና በአካባቢው በወገኖቻችን ላይ የደረሰውን ግድያ የሰሙ ወጣቶቻችን በቁጣ ተነስተው አደባባይ ሲወጡ፣ አባቶቻችን እርጥብ ሣር በእጃቸው ይዘው መንገድ ላይ ተንበረከኩባቸው። የተንበረከከን አባት ተራምዶ ማለፍ በጋሞ ባህል ነውር መሆኑን እናንተ ታውቃላችሁ። ወጣቶቹም ተመለሱ። በሌላው ላይ ሊደርስ የነበረው ጥፋት ቀረ። የዚያ ፎቶግራፍ በማኅበራዊ መገናኛ አገር ሞላ፤ ጋሞን የማያውቅ ሁሉ አወቀን።

እኔስ የት ነበርኩ? ሱቄን ዘግቼ ቤቴ ተቀምጬ ነበር። አርባ ዓመት ሊሞላው ትንሽ የቀረው ፎቶግራፍ አንሺ፣ ከተማው ካየው ሁሉ የሚበልጠው ሥዕል ደጁ ላይ ሲሆን፣ ካሜራው ሣጥን ውስጥ ነበር። ነገሩ ካለፈ በኋላ ካሜራዬን አንግቤ ወጣሁ፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሏል ይህ ነው። ግን አልተናደድኩም። እኔ ባልኖርም ልጆቹ በስልካቸው አቆዩልን። የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር ነው፤ ስልኩ ሲሰረቅ፣ ሲሰበር፣ ሲሞላና ሲጠፋ ከፎቶግራፎቹ ስንቱ ይቀራል የሚለው ነው። ይህን የምለው እኔ ራሴ የሠራሁትን ስለማውቅ ነው። አሁን እርሱን ልንገራችሁ።

በ1991 ዓ.ም. ብዙ ወጣቶች ወደ ጦር ግንባር ሲሄዱ ለቤተሰብ የሚተውት ፎቶግራፍ ሊነሱ እኔ ጋ ይመጡ ነበር። ነጌቲቮቹን በጫማ ካርቶን ውስጥ አስቀምጣቸው ነበር። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሱቅ ስቀይር ካርቶኖቹ ቦታ ያዙብኝ። «ማን ይጠይቀኛል?» ብዬ ጣልኳቸው። በዓመቱ አንዲት እናት መጡ። ልጃቸው አልተመለሰም። ያነሳሁት ፎቶግራፍ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ኖሮ፣ ጣሪያው አፍስሶ ውሃ ገባበትና ከመስተዋቱ ጋር ተጣበቀ፤ ሊያላቅቁት ሲሞክሩ ፊቱ ተላጠ። «ልጄ፣ ከአንተ ዘንድ ዋናው አለ ሲሉኝ ጊዜ መጣሁ» አሉኝ።

ምን ልበላቸው? «ጣልኩት እማማ» አልኩ። አልተቆጡም። ያን ጊዜ ቢቆጡኝ በወደድኩ። የተላጠውን ፎቶግራፍ በነጠላቸው ጫፍ ጠቅልለው ወጡ።

ከዚያ በኋላ ዕረፍት አጣሁ። ልጁን የሚያውቁትን ሁሉ እየዞርኩ ጠየቅሁ። በመጨረሻ እዚሁ እኛ ሰፈር፣ ከሴትየዋ ቤት አምስት ቤት አልፎ፣ አንድ ወጣት አሮጌ ሣጥን ከፍቶ የእግር ኳስ ቡድናቸውን ፎቶግራፍ አወጣ። ልጁ ከኋላ ረድፍ ከግራ ሦስተኛው ሆኖ ይስቃል። ፊቱ ከምስር ፍሬ አይበልጥም። እርሱን ደግሜ አነሳሁና አጉልቼ አተምኩ። ደብዘዝ ያለ ነው፤ ግን እርሱ ነው። እናትየው ተቀብለው «እኔ ጋ የነበረው እንዲህ አይስቅም ነበር» አሉ። ከዚህ በላይ የተከፈለኝ ዋጋ የለም።

እንግዲህ ልመናዬ ይህ ነው። የዚያች እናት ልጅ ፊት በጎረቤት ሣጥን ውስጥ ነበር፤ ሴትየዋም አላወቁ፣ ባለ ሣጥኑም አላወቀ። በየቤታችን የሰው ወላጅ፣ የሰው ልጅ፣ የሰው ሙሽራ ተቀምጧል። ስለዚህ፦

አንደኛ፣ በየፎቶግራፉ ጀርባ ላይ የሰዎቹን ስም፣ ቦታውንና ዓመቱን በለስላሳ እርሳስ፣ ሳትጫኑ ጻፉ። እስክሪብቶ ቀለሙ ያልፋል። የሚያውቁት አዛውንቶች በሕይወት ሳሉ ዛሬውኑ ጠይቁ።

ሁለተኛ፣ ፎቶግራፍ ከመስተዋት ጋር እንዳይነካካ በዙሪያው ወፍራም ወረቀት አድርጉለት። እርጥበት በሚገባው ግድግዳ ላይ አትስቀሉ። ከተጣበቀም በግድ አታላቁት፤ እንዳለ ከመስተዋቱ ጋር አምጡልኝ፣ በላዩ አነሳዋለሁ።

ሦስተኛ፣ በስልካችሁ ካሉት መካከል በዓመት አሥር እንኳ መርጣችሁ አሳትሙ።

አራተኛ፣ ከሚቀጥለው ቅዳሜ ጀምሮ በየሳምንቱ ከሰዓት በኋላ በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት እገኛለሁ። የቆየ ፎቶግራፍ ያለው ሁሉ ያምጣ፤ ያለ ክፍያ ቅጂ አነሳለታለሁ፤ ዋናውንም እዚያው ይዞ ይመለሳል። ባለቤቱ ከፈቀደ አንዱ ቅጂ በማኅበሩ መዝገብ ይቀመጣል። አንድ ቀን አንዲት እናት መጥታ ብትጠይቅ «ጣልነው» የሚል መልስ ከዚህ ሰፈር እንዳይወጣ ነው።

ብዙ አወራሁ መሰለኝ። አሁን ሁላችሁም ወደ ደጅ ወጥታችሁ ተሰለፉ፤ የዛሬውን ስብሰባ ላንሳ። ረጃጅሞች ከኋላ፣ ልጆች ከፊት። ካርዱን ሦስት ጊዜ አይቼዋለሁ፣ ገብቷል።