ያልተነገረ ወንጀል እንዴት ይቈጠራል?



የኮሮና ወረርሽኝ በኢንተርኔት የሚፈጸመውን ወንጀል አብዝቶታልን? ይህን ለማወቅ የሚሻ ሰው በመጀመሪያ የሚገልጠው የአቤቱታ መዝገብ ነው። የአሜሪካው ኤፍ ቢ አይ እ.ኤ.አ. በ2019 ዓ.ም. 467,361፥ በ2020 ግን 791,790 አቤቱታ ተቀበለ። እኔም ይህን አይቼ «ጥፋቱ የወረርሽኙ ነው» ለማለት ቸኵዬ ነበር። ነገር ግን በ2018 የቀረበው 351,937 ስለ ነበረ፥ ቍጥሩ በሽታው ሳይመጣም ይጨምር ነበር። ስለዚህ ሁለት ዓመት ማነጻጸር አይበቃም፤ የብዙ ዓመታቱን መዝገብ በየወሩ አሰልፎ፥ ሕዝቡ ከቤት እንዳይወጣ ከታዘዘ በኋላ ቍጥሩ ከቀድሞው አካሄዱ ምን ያህል እንደ ራቀ መመልከት ይገባል።

መዝገብ ግን የሚቈጥረው የተናገረውን ሰው ብቻ ነው። አንዲት ዘመዴ በዚያው ወራት በስልኳ በመጣ የሐሰት መልእክት ተታልላ ገንዘቧን አጣች። ከሐፍረቷ የተነሣ ለፖሊስ ይቅርና ለባሏም አልተናገረችም፤ ለእኔም የነገረችኝ ስሟን እንዳልጠራ አስምላ ነው። እንደ እርሷ ያሉትን የሚያገኛቸው ቤት ለቤት እየዞረ በምስጢር የሚጠይቅ ሰው ነው። ዳሩ ግን በእንግሊዝና በዌልስ እንዲህ ይደረግ የነበረው የወንጀል መጠይቅ ራሱ በመጋቢት 2020 እ.ኤ.አ. በወረርሽኙ ምክንያት ተቋርጦ፥ በግንቦት በስልክ ተተካ። በስልክ ለተታለለች ሴት በስልክ ደውሎ «ተታልለሽ ታውቂያለሽን?» ማለት እውነተኛ መልስ የሚያስገኝ መስሎ አልታየኝም።