ለመርዶ እንደምንሰበሰብ ለኑሮም እንሰብሰብ
(በማኅበራችን የ25ኛ ዓመት በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)



ዛሬ የምናከብረው የብር ኢዮቤልዩ በዓላችንን ነው። እንድንናገርበት የተሰጠን ርእስ «ከአቅም በላይ የሆነ ችግር ሲገጥም የክርስትና እምነት ምን ይረዳል?» የሚል ነው። እኛ ባለ ሱቆች እንጂ ሰባኪዎች አይደለንም። ስለዚህ ከመጽሐፍ ቅዱስ የምናውቀውን ከኑሯችን ጋር አያይዘን በአጭሩ እንናገራለን።

በስደት አገር አሳምረን የምናውቅበት አንድ ነገር አለ፤ እርሱም መርዶ ነው። ከአገር ቤት የሞት ወሬ ሲመጣ ለባለ ሐዘኑ በስልክ አይነገረውም። ሌሊቱን እንጠራራለን፣ ሳይነጋ በሩ ላይ እንደርሳለን። የሚቀርበው ሰው አጠገቡ ይቀመጣል፤ ከዚያ በኋላ ይነገረዋል። ንፍሮው፣ ዳቦው፣ ሻዩ ከየቤቱ ይመጣል። ኦርቶዶክሱም፣ ፕሮቴስታንቱም፣ ካቶሊኩም፣ ሙስሊም ወንድሞቻችንም አብረን እንቀመጣለን። ሰውየው ለእናቱ ቀብር ባይደርስም ብቻውን አያለቅስም።

ነገር ግን መርዶ ነጋሪ የሌለው ችግር አለ። የሦስት ወር ኪራይ ያደረበት አለ። የመኖሪያ ፈቃዱ ያበቃበት አለ። ሐኪም ከባድ በሽታ ነግሮት ለሚስቱ ያልተናገረ አለ። አገር ቤት ያሉት «ላክልን» ሲሉት፣ እርሱ እዚህ ምን በልቶ እንደሚያድር የማያውቁለት አለ። እንዲህ ያለው ሰው በበዓል ቀን ነጭ ለብሶ ይመጣል፤ «እንዴት ነህ?» ሲሉት «እግዚአብሔር ይመስገን» ብሎ ያልፋል። እኛ ባለ ሱቆች ችግሩን በሌላ በኩል እናየዋለን። በኪሎ ይገዛ የነበረው በሩብ ኪሎ ይገዛል፤ ቀጥሎ በዱቤ ይወስዳል፤ በመጨረሻም በወዲያኛው የመንገድ ዳር ማለፍ ይጀምራል። ያን ጊዜ የሚያሳስበው የዱቤው ገንዘብ ሳይሆን መንገድ የቀየረው ሰው ነው።

ሰው ችግሩን የሚደብቀው በሁለት ምክንያት ነው። አንዱ ይሉኝታ ነው። ለዚህ አባቶቻችን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ብለው መልስ ሰጥተዋል። ሁለተኛው ደግሞ «እምነት ያለው ሰው ከበደኝ አይልም» የሚል አሳብ ነው። ለዚህኛው መልስ የሚሰጠው መጽሐፍ ቅዱስ ራሱ ነው።

ነቢዩ ኤልያስ ከሰማይ እሳት ያወረደ የእምነት ሰው ነበር። በመጽሐፈ ነገሥት ቀዳማዊ ምዕራፍ 19 ግን ከኤልዛቤል ሸሽቶ፣ በምድረ በዳ ከዛፍ ሥር ተቀምጦ፣ እግዚአብሔር ነፍሱን እንዲወስዳት ሲለምን እናገኘዋለን። እግዚአብሔር አልተቆጣውም። አስቀድሞ አስተኛው፤ ቀጥሎ በመልአኩ እጅ እንጎቻና ውኃ ሰጠው፤ ደግሞ አስተኛው፣ ደግሞም አበላው። ንግግሩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ኤልያስ ብቻዬን ቀረሁ ብሎ ሲያመለክትም ለበዓል ያልሰገዱ 7,000 ሰዎች እንዳሉ ተነገረው። ኤልሳዕም ረዳት ሆነለት።

ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስም በጌቴሴማኒ ሌሊት ኀዘኑን አልደበቀም። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 26 እንደምናነበው ጴጥሮስን፣ ያዕቆብንና ዮሐንስን ለይቶ ወሰደ፤ ነፍሱ እስከ ሞት ድረስ እንዳዘነች ነገራቸው፤ አብረውት እንዲተጉም ለመናቸው። ከዚያ በኋላ ወደ አባቱ ጸለየ። ጌታ ለጓደኞቹ ከነገረ፣ እኛ ለወንድማችን መንገራችን እንዴት የእምነት ማነስ ይሆናል?

ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1991 ከመንግሥት ለውጥ በኋላ በሞያሌ ተሻግረው በዋልዳ፣ በኋላም በካኩማ መጠለያ የኖሩ ታላላቆቻችን አሉ፤ ራሽን ተካፍሎ መብላትን ያውቁታል። ሁላችንም ያየነው ደግሞ የኮሮና ዘመን ነው። እ.ኤ.አ. ከማርች 27 ቀን 2020 ጀምሮ ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ ንጋቱ 11 ሰዓት ከቤት መውጣት ሲከለከል፣ በምግብ ቤት የሚሠሩ እህቶቻችን ድንገት ያለ ገቢ ቀሩ። ችግሩ የሁሉም ስለ ነበረ «ዱቄት አልቆብኛል» ማለት የሚያሳፍር መሆኑ ቀረ። እፍረቱ ሲቀር እርዳታው መንገድ አገኘ። አበው «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚሉት ይህን ነው።

ኢዮቤልዩ የሚለው ቃልም ድግስ ብቻ አይደለም። በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 25 እንደተጻፈው ኢዮቤልዩ በድህነት ርስቱን የሸጠው የሚመለስበት፣ ራሱን የሸጠውም ወደ ወገኖቹ በነፃነት የሚሄድበት ዓመት ነበር። ሸክም የሚወርድበት ዓመት ማለት ነው።

ስለዚህ በዚህ በዓል ሦስት ነገር እንለምናችኋለን።

አንደኛ፣ እያንዳንዳችን የምሥጢር ሰው ይኑረን። የንስሐ አባት ይሁን፣ መጋቢ ይሁን፣ የልብ ጓደኛ ይሁን፤ ችግሩ ሳይገዝፍ እንንገረው። የአንድ ወር ኪራይ ብዙዎች ሊያዋጡት ይችላሉ፤ የስድስት ወር ሲሆን ግን ይከብዳል።

ሁለተኛ፣ ወደ ተቸገረ ሰው ቤት ስንሄድ ምግብ ይዘን እንሂድ፣ ምክሩን እናቆየው። የኢዮብ ወዳጆች ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ዝም ብለው አብረውት ሲቀመጡ መልካም አደረጉ፤ የተሳሳቱት አፋቸውን ከከፈቱ በኋላ ነው።

ሦስተኛ፣ የሰማነውን ገበና እንጠብቅ። አንድ ሰው የነገረን ምሥጢር ቡና ላይ ከወጣ፣ እርሱም ሌሎችም ሁለተኛ አይናገሩም።

እምነት ችግርን ሁሉ ወዲያው ያነሳል ብለን አንዋሽም። ኤልያስም ከበላ በኋላ እስከ ኮሬብ ተራራ ድረስ 40 ቀንና 40 ሌሊት መሄድ ነበረበት። የሄደው ግን በዚያ እንጀራ ኃይል ነው። ለአንዳችን ያን እንጎቻ የምናደርስ ሰዎች እንድንሆን እግዚአብሔር ይርዳን።

ማኅበራችንን፣ አገራችን ኢትዮጵያን፣ ተቀብላ ያስጠለለችንን ኬንያንም ይባርክ። ለከርሞ በሰላም ያድርሰን።